አስፋልቱ ነው የዋጠው ወይስ ቱቦዬ ነው ያፈሰሰው?

ባለፈው ተራ ጥቅጥቅ ያለ አስፋልት ለክቼ 0.3 ሲለኝ ክው አልኩ። ለማታውቁት፣ መንገዱ ድምፅ የመምጠጥ አቅሙ ከ0 እስከ 1 ነው የሚቆጠረው፣ 0 ማለት የሄደው ድምፅ በሙሉ ነጥሮ ተመለሰ፣ 1 ማለት ደግሞ በቃ ሁሉንም ዋጠው። እንዲህ አይነት አስፋልት ውስጥ እኮ ያለው ባዶ ቦታ ከ5 በመቶ ብዙም አያልፍም፣ ድምፁ በየት በኩል ይገባል?

አለካኩ ቀላል ነው። የብረት ቱቦ መንገዱ ላይ በቁሙ ታቆማላችሁ፣ አናቱ ላይ ስፒከር፣ ጎኑ ላይ ሁለት ማይክ አለ። ስፒከሩ ሽሽሽ ይላል፣ ሶፍትዌሩ ሁለቱ ማይኮች የሰሙትን አነጻጽሮ የወረደውን ድምፅ ከተመለሰው ይለያል። ቱቦዬ ወርዱ 10 ሳንቲሜትር ስለሆነ ከ2000 ሄርትዝ በላይ አይታመንም፣ ግን ችግር የለውም፣ የጎማ ጩኸት የሚበረታው 1000 ሄርትዝ አካባቢ ነው።

ጥፋቱ የኔው ሆኖ ተገኘ። ከቱቦው ስር የሚጠቀጠቀው ማሸጊያ ጠዋት ብርድ መቶት ደርቋል፣ ጠጠሮቹ መሃል አልገባም። ተንበርክኬ ጆሮዬን ጠጋ ሳደርግ ሽሽታው ከስር ሲያመልጥ ይሰማል! ማሽኑ ምን ያውቃል፣ ያመለጠውን ሁሉ መንገዱ ዋጠው ብሎ ይመዘግባል፣ ዝቅተኛው ፍሪክዌንሲ ላይ ደግሞ ይብሳል። ማሸጊያውን በእጄ አሽቼ አለስልሼ ዙሪያውን ጠቅጥቄ ደገምኩት፣ 0.04። አሁን ገና አስፋልት መሰለ።

ቀዳዳማው አስፋልት ላይ ግን ማሸጊያም አያድናችሁም። ባዶ ቦታው 20 በመቶ ገደማ ስለሆነ ድምፁ በቱቦው ጠርዝ ስር፣ በራሱ በመንገዱ ውስጥ ወደ ጎን ይሾልካል። ወይ ከመንገዱ ቆርጦ አውጥቶ ላቦራቶሪ መውሰድ ነው፣ ወይ ደግሞ ያለ ቱቦ ስፒከሩን 1.25 ሜትር፣ ማይኩን 0.25 ሜትር ከፍታ ላይ ሰቅሎ አይኤስኦ 13472-1 በሚባለው ዓለም አቀፍ የአለካክ ደረጃ መለካት። እሱ ላይ ቀጥታ የመጣው ድምፅ የሚያነጥር ነገር በሌለበት ለብቻው ይለካና ይቀነሳል፣ የቀረው ከመንገዱ የነጠረው ነው። እኔ ይሄኛውን ነው የምወደው፣ የሚቆረጥ ነገር የለም፣ አቧራ እየደፈነው ሲሄድም በየጊዜው እዛው ቦታ ተመልሶ መለካት ይቻላል።

ነገ ልሞክረው ነበር፣ ትናንት ማታ ዘነበ። ቀዳዳው ውሃ ከቋጠረ የምለካው ውሃውን ነው፣ ላዩ ደርቆ ሲታይ እንኳን ውስጡ ገና እርጥብ ነው፣ ስለዚ ቁጭ ብዬ ፀሀይ እየጠበኩ ነው።