ሰባት ባዶ ወረቀት

እኛ ማተሚያ ቤት ኳስ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ባለቤቱ ነው። ሌሎቻችን ደጋፊዎች ነን፤ ጋሼ ግን ዐዋቂ ነው። ማንቸስተር ዩናይትድን መደገፍ የጀመረው በፈርጉሰን ዘመን ነው። ሲያወራ ግን አብሮ ልምምድ የሠራ ነው የሚመስለው።

እኔ የአርሰናል ነኝ። በዚህ ምክንያት እዚያ ቤት ስም አልነበረኝም። ነሐሴ 2003 ኦልድ ትራፎርድ ላይ 8 ለ 2 የተሸነፍን ጊዜ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። እሱ ጋ የተቀጠርኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ግን አርሰናል መሆኔን በሰማ ቀን «ስምንት ለሁለት» አለኝ፤ በዚያው ቀረ። ደንበኛ ፊት ሳይቀር «ስምንት ለሁለት፣ የእኚህን ሰው ባነር አውጣላቸው» ይላል። አንዳንዱ ደንበኛ የባነሩ ልክ ይመስለውና «ኧረ የኔ ሦስት በአንድ ነው!» ብሎ ይደነግጣል።

እንግዲህ የካቲት 26 ቀን 2015 መጣ። እሑድ ነው። አንፊልድ፣ ሊቨርፑል 7፣ ዩናይትድ 0።

የረሳ ካለ ላስታውሰው። ጋክፖ ዕረፍት ሊወጡ ሲሉ አንድ አገባ። የቀሩት ስድስቱ ከዕረፍት በኋላ ናቸው። በድምሩ ጋክፖ ሁለት፣ ኑኜዝ ሁለት፣ ሳላህ ሁለት፣ ተቀይሮ የገባው ፊርሚኖ ደግሞ አንድ። ሳላህ በዚያው ጨዋታ በፕሪሚየር ሊጉ ለሊቨርፑል ብዙ ግብ በማስቆጠር አንደኛ ሆነ። ዩናይትድ ከዚያ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ሰባት ለባዶ የተሸነፈው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አላየም። አሰልጣኙ ቴን ሃግ ራሱ ፕሮፌሽናልነት የጎደለው ነው ብሎታል። የሚያንገበግበው ደግሞ ልክ ከሳምንት በፊት ዌምብሌይ ላይ ኒውካስልን 2 ለ 0 አሸንፈው እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የመጀመሪያ ዋንጫቸውን አንስተው ነበር። ጋሼ ሳምንቱን ሙሉ ዋንጫ ዋንጫ ሲለን ነው የከረመው።

ጨዋታውን ፒያሳ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ነው ያየው። ከአራተኛው ግብ በኋላ የሻዩን ሒሳብ ሳይከፍል ወጣ ተብሏል። እኔ አላየሁም፤ ግን ብዙ ሰው ነግሮኛል።

ሰኞ ጠዋት ከሁላችንም ቀድሞ ገባ። ሰላምታ የለም። ያልቆሸሸ ፕሪንተር ይጠርጋል። «ዛሬ ብዙ ሥራ አለ» አለ፣ ማንንም ሳያይ። እኔ እንግዲህ ሆዴ ሞልቷል። ቅዳሜ ዕለት ከቦርንማውዝ ጋር 2 ለ 0 ተመርተን ቆይተን፣ ኔልሰን በ97ኛው ደቂቃ አግብቶ 3 ለ 2 አሸንፈናል። ሊጉን በአምስት ነጥብ እየመራን ነው። ግን ትንፍሽ አላልኩም። የወሩ መጨረሻ ነው፤ ደሞዝ ገና አልወጣም።

አጠገባችን ሞባይል የሚጠግን የሊቨርፑል ደጋፊ አለ። እሱ ደሞዙን ከኛ አይወስድም። ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሆን አንድ ትንሽ ልጅ ላከብን።

«ሰባት ኮፒ» አለ ልጁ።

«ወረቀቱስ?» አለ ጋሼ። ልጁ አንድ ወረቀት አወጣ። ጋሼ ገለበጠው። መልሶ ገለበጠው።

«ይሄ ባዶ ነው እኮ።»

«አዎ። ሰባት ባዶ አድርግልኝ ተብያለሁ።»

ገንዘብ ተቀባይዋ የወደቀ ሳንቲም የምትፈልግ መስላ ጠረጴዛ ስር ገባች። ቶሎ አልወጣችም። ልጁ በሩጫ ሲያመልጥ ከጎረቤት ቤት የተነሳው ሳቅ እኛ ጋ ድረስ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ልጅ ሰባት እስክሪብቶ ሊገዛ መጣ። እስክሪብቶ አንሸጥም።

ይህን ሁሉ የማወራው አራት ሰዓት አካባቢ የሆነው እንዲገባችሁ ነው። አንድ ሽማግሌ ገቡ። ጋቢ ለብሰዋል፣ ዱላ ይዘዋል፣ በሌላው እጃቸው ፌስታል። እኔ ሳያቸው ዐወቅኳቸው። ቅዳሜ ዘመዳቸው ደውሎ ከቆላ ድባ ሰው እንደሚመጣ ነግሮኝ፣ ትእዛዝ ደብተሩ ላይ ጽፌዋለሁ። ጋሼ ደብተሩን አያይም። ዐዋቂ ነው አልኳችሁ።

«እንደምን ዋላችሁ። ለሰባቱ ነው የመጣሁ» አሉ።

ጋሼ ቀና አለ። «ለምኑ?»

«ለሰባቱ።»

«ማን ነው የላከዎት?»

«ማን ይልከኛል? የራሴ ጉዳይ ነው።»

«እርስዎም?»

«ታዲያስ። እኔ ብቻም አይደለሁ፤ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሰባቱን እያሰበ ነው።»

«እያሰበ ነው!» አለ ጋሼ ወደኔ ዞሮ። «ሰማህ ስምንት ለሁለት? እያሰቡልን ነው።»

«ጋሼ፣ እኚህ እኮ…» አልኩ።

«ዝም በል!»

ሽማግሌው ግር ቢላቸውም ጨዋ ናቸው፤ የተጠየቁ መስሏቸው ማስረዳት ጀመሩ። «እኔማ ያኔም ብዬው ነበር። ተው አቅምህ አይደለም፣ እግርህ ከድቶሃል፣ አርፈህ ተቀመጥ ብዬው ነበር። አልሰማ አለ።»

«እግራቸው አልከዳም! ከዕረፍት በፊት የተሻልነው እኛ ነን!»

«ከዕረፍቱ በፊትማ ደኅና ነበር» አሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ራቱን በልቶ፣ ተጫውቶ ነው የተኛ።»

«ተኛ! እውነትዎን ነው፣ ተኝተዋል! ከዕረፍት በኋላ ነው ጉዱ።»

«ከዕረፍቱ በኋላማ ምን ይደረጋል ልጄ። ፍታት ነው።»

«ጋሼ» አልኩ ሁለተኛ።

«ዝም በል አልኩህ! ምን ማለትዎ ነው አባት፣ ፍታት? ሞተ ነው የሚሉኝ?»

«ታዲያ ምን ልበል? ሞቷል።»

«አልሞተም!» ጋሼ ባንኮኒውን በመዳፉ መታው። «ባለፈው እሑድ ዋንጫ ያነሳ ቡድን ነው! ዩናይትድ አይሞትም!»

መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆመ። ጎረቤታችን የሚጠግነውን ሞባይል እንደያዘ በሩ ላይ ደረሰ። ሽማግሌው ጋሼን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ፌስታላቸውን ፈትተው ጠርዙ የተበላ ጉርድ ፎቶ አወጡና ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

«እኔ የመጣሁ ለወንድሜ የሰባት ዓመት ተዝካር ነው» አሉ። «ፎቶውን አሳድጉልኝ ብዬ። ዩናይትድ የሚባል ልጅ የለውም።»

የጋሼን ፊት ልግለጸው ብል አልችልም። መጀመሪያ ፎቶውን አየ። ከዚያ መዳፉን አየ፤ ባንኮኒውን የመታበትን። ቀጥሎ ወንበር አመጣ፣ ሻይ አዘዘ፣ ይቅርታ አለ፣ ወንበሩን በጨርቅ ጠረገና እንደገና ይቅርታ አለ። ገንዘብ ተቀባይዋ ወደ ጓሮ ወጥታለች። ጎረቤታችን ግድግዳ ተደግፎ እንባውን ይጠርጋል።

ሽማግሌው ሻያቸውን ፉት እያሉ ነገሩ እንዲገባቸው ጠየቁ። ጎረቤታችን አስረዳቸው። ረጋ ብለው ሰሙ።

«እና ስንት አገቡባችሁ?» አሉ ጋሼን።

«ሰባት» አለ ጋሼ በቀስታ።

«እናንተሳ?»

ጋሼ ዝም አለ። ሽማግሌው መልስ እየጠበቁ ነው። ሽማግሌ ሲጠይቅ ዝም ማለት ደግሞ ነውር ነው።

«ባዶ» አልኩ እኔ።

በዚያ ቀን ስለ ጨዋታው የተናገርኳት እሷን ብቻ ናት። እሷም ተጠይቄ ነው።

ፎቶውን ራሴ ሠራሁላቸው። የተበላውን ጠርዝ ሞላሁ፣ ጥላውን አነሳሁ፣ ጉልህ ሆኖ ወጣ። ተዝካሩ ከፋሲካ በኋላ ስለነበር ጊዜ ነበረን፤ የጥሪ ካርዱንም እኛው ጋ አዘዙ። ጋሼ ቅናሽ አደረገላቸው። እሳቸው ግን ሲወጡ «እግዜር ያጽናህ» አሉት፣ ሳቅ ሳይሉ።

ሰውየው ከበሩ እንደራቁ ጋሼ ወደኔ ዞረ። «ለምን አልነገርከኝም?»

ሁለት ጊዜ ጋሼ ብዬ፣ ሁለት ጊዜ ዝም በል ተብያለሁ። ቢሆንም ማታ ስብሰባ ተጠራ። ስለ ደንበኛ አያያዝ ገለጻ ተደረገልን። ደንበኛ ንጉሥ ነው፣ በትዕግሥት ስሙ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። እኔና ገንዘብ ተቀባይዋ ጎን ለጎን ተቀምጠን አዳመጥን። የቅዳሜ ከሰዓት የትርፍ ሰዓት ክፍያም በዚያው ስብሰባ ይነሳል ብዬ ነበር። ሌላ ጊዜ ተባለ።

በማግሥቱ «ማስታወቂያ ሥራ» አለኝ። «በሥራ ሰዓት ስለ ኳስ ማውራት በጥብቅ የተከለከለ ነው።» ኤ ስሪ፣ ላሚኔት የተደረገ።

«ጽሑፉን ቀይ አድርገው» አለኝ።

«የማንን ቀይ?» አልኩ።

አየኝ። «ጥቁር ይሁን» አለ።

ማስታወቂያው ተሰቀለ፤ ለተወሰነ ጊዜም ሠራ። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ሲጫወት ብቻ ይነሳል። ዐፄዎቹ በ2013 ሊጉን ያነሱ ጊዜ ጋሼ ግማሽ ቀን ቤቱን ዘግቶ ነበር አሉ። «ፋሲል ኳስ አይደለም፣ አገር ነው» ይላል። በዚህኛው እኛም እንስማማለን።

ከዚያ ሚያዝያ ገባ። አርሰናል ከሊቨርፑል 2 ለ 2፣ ከዌስትሃም 2 ለ 2፣ መጨረሻ ላይ ከነበረው ሳውዝሃምፕተን ጋር ደግሞ በሜዳችን 3 ለ 3 ወጣን። ሚያዝያ 18 ወደ ኢቲሃድ ሄድን። ሲቲ 4፣ አርሰናል 1። ዴ ብሮይነ ሁለት አገባብን። ዋንጫው እዚያ ሜዳ ላይ ነው የቀረው።

በማግሥቱ ስገባ ጋሼ ቀድሞኝ ደርሷል። ቆሞ ጠበቀኝ። እንዴት አደርክ አለኝ፤ ቤተሰቡስ፣ እናትህስ፣ እንቅልፍስ እንዴት ነው አለኝ። ከዚያ አንድ ደብዳቤ ሰጠኝ።

«ይሄ በጣም አስቸኳይ ነው። አራት ኮፒ አድርግልኝ። ኦሪጅናሉ ግን አንድ ነው፤ እንዳይጠፋብህ። አራት፣ አንድ።»

ማስታወቂያውን በጣቴ አሳየሁት።

«ስለ ኳስ ማን አወራ?» አለ።

ደብዳቤውን አነበብኩት። ከዓመታት በፊት የተጻፈ የእድር ስብሰባ ጥሪ ነው። ኮፒ አደረግኩለት።