የማን ልጅ እንደሆንኩ የማይጠይቅ ከተማ

ስራዬ ማስጎብኘት ነው። ጎንደር መጥቶ ፋሲል ግቢን ያየ ሰው በሩ ላይ ከእኛ ከአንዳችን ጋር ሳይነጋገር አያልፍም። ከሁሉም የሚገርሙኝ ብቻቸውን የሚመጡት ናቸው። በተለይ ሴቶቹ። ቦርሳዋን አዝላ፣ ፀሐይ የላጠውን አፍንጫዋን ክሬም ቀብታ፣ ያለ ባል ያለ ጓደኛ ከተፍ የምትል አለች። አንጀቴን ትበላኛለች። «ሰው የላትም እንዴ?» እላለሁ በሆዴ።

እኛ ዘንድ ብቻ መሆን እንደ ህመም ነው የሚታየው። ፒያሳ ላይ ማኪያቶ አዝዤ ብቻዬን ብቀመጥ አንዱ ቆሞ «ምነው፣ ደህና አይደለሽም?» ይለኛል። ሌላው ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ሦስተኛው ቤት ደውሎ ይናገራል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባልን ነው ያደግነው። የማያውቀኝ ሰው ካጋጠመኝ ደግሞ «የማን ልጅ ነሽ?» ይመጣል። የአባቴን ስም ስጠራለት እስከ ቅድመ አያቴ ይቆጥርልኛል። አልጠላውም። እንዲያውም የቸገረኝ ቀን እንዲህ ያለው ሰው ነው የሚደርስልኝ። ግን አንዳንዴ ከአባት ስምም ቢሆን የዓመት ፈቃድ መውጣት ያምራል።

ብቻዬን ለመጓዝ ኬንያን የመረጥኩበት ምክንያት ቀላል ነው። ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አያስፈልግም፣ እንግሊዝኛዬ ያግባባኛል፣ ባህር ደግሞ አይቼ አላውቅም ነበር። ለእናቴ ስነግራት «የት?» አላለችም። «ከማን ጋር?» ነው ያለችው። ብቻዬን መሆኑን ስትሰማ ትንሽ ዝም አለችና «ከማን ጋር ተጣልተሽ ነው?» አለችኝ።

ናይሮቢን ቶሎ ልለፋት። ትልቅ ከተማ ናት፣ መንገዷ ይጨናነቃል፣ ማኪያቶዋ የእኛን አያህልም። ከዚያ ባህር ዳርቻ ወዳለችው ሞምባሳ በባቡር ወረድኩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ስራ የጀመረው አዲሱ ባቡር ነው። ጣቢያው በር ላይ ሻንጣ ሁሉ መሬት ላይ ይደረደርና ውሻ እያሸተተ ያልፋል። መንገዱ ላይ ፃቮ ፓርክን ሲያቋርጥ በመስኮት ዝሆኖች አየሁ። አፈሩ ቀይ ስለሆነ እነሱም ቀልተዋል። ከጎኔ የነበሩት ሴትዮ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። የማውቀው ሰው አብሮኝ ቢኖር «አየሻቸው? የት ጋ? ስልክሽን አምጪው!» ስንባባል ያልፉን ነበር። እኔ ግን አንዷ ግልገሏን በእግሮቿ መሀል አስገብታ ጆሮዋን ስታርገበግብ እስክትርቀኝ ድረስ አየኋት። ፎቶ የለኝም።

ሞምባሳ ላይ ደስ ያለኝ የመጀመሪያ ነገር ሰዓቱ ነው። ስዋሂሊ የሚናገሩት ሰዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ነው። ፀሐይ ወጥታ ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰዓት ይላሉ። እኔ ለቱሪስት «ስድስት ቀንስ፣ ስድስት ደምር» እያልኩ ምላሴ ተልጧል። እዚያ ያለችው የቁርስ ቤት ባለቤት «ሳአ ታቱ» ብላ ሦስት ጣቷን ስታሳየኝ ምንም መደመር ሳያስፈልገኝ በማግስቱ ልክ በሦስት ሰዓት ከች አልኩላት።

ቀኑ ዓርብ ነበር። «ወተት፣ ቅቤ አለው?» ብዬ ጠየቅኩ። «ኮኮናት ብቻ» አለችኝ። ማሃምሪ የሚሉት አለ፤ ቅርጹ ሳምቡሳ ሆኖ ሲገምጡት ሄል የገባበት ቦምቦሊኖ ነው። አብሮት ምባዚ ይቀርባል፣ የእርግብ አተር በኮኮናት ወተት ተቀቅሎ። መረቁ ወፈር ያለ፣ ጣፈጥ የሚል፣ ቃሪያ ጫፉን የነካው። ማሃምሪውን ቆርሼ እያጠቀስኩ ሰሃኑን ጠረግሁት። «ጨምሪ እንጂ፣ በሞቴ!» የሚል የለም። ሲበቃኝ በቃኝ። ከዚያ ደግሞ ሳይበቃኝ ቀርቶ ሁለተኛ ሰሃን አዘዝኩ። እሱንም ያየብኝ የለም።

ፎርት ጂሰስ የሚባለው የድሮ ምሽግ ስደርስ በሩ ላይ አስጎብኚዎች ከበቡኝ። ፈገግታቸውን አወቅኩት፤ የእኔው ነው። «እህቴ፣ ታሪኩን ካልሰማሽ ድንጋይ ነው የምታዪው» ይላል አንዱ። ይቺን እኔም እላታለሁ! አመስግኜው ብቻዬን ገባሁ። ምሽጉን ፖርቹጋሎች እ.ኤ.አ. ከ1593 እስከ 1596 ነው የሰሩት። ኋላ ኦማኖች ለሦስት ዓመት ገደማ ከበው በ1698 ወሰዱባቸው። እንግሊዞች ደግሞ እስር ቤት አደረጉት። ዛሬ ሙዚየም ነው።

እኔ ግን የራሴ ጉዳይ ነበረኝ። ጎንደር የሚመጣ ቱሪስት ከሚጠይቀኝ ጥያቄ የማይቀረው «ይሄን ፖርቹጋሎች አይደሉም የሰሩት?» የሚለው ነው። አፄ ፋሲል የካቶሊክ ሰባኪዎቹን ጀስዊቶች አባርረው ጨርሰው ነው እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን የቆረቆሩት እላለሁ። ገሚሱ ያምነኛል፣ ገሚሱ በትህትና ይነቀንቃል። ስለዚህ ፖርቹጋል ራሱ የሰራውን በዓይኔ ለማየት ቆምኩ። ከባህር ዛጎል ድንጋይ የተሰራ ግንብ ነው፤ ማዕዘኖቹ ሹል ሆነው ወደ ውጭ ይወጣሉ፣ ግድግዳው ጋደል ብሎ የመድፍ ጥይት ያንሸራትታል። ሁሉ ነገሩ ለመድፍ ነው። የእኛው ክብ ማማዎቹ ላይ እንቁላል የመሰለ ጉልላት ደፍቶ፣ በረንዳ አውጥቶ፣ ሰው ሊኖርበት የተሰራ ቤት ነው። ይሄን ጥግ ለጥግ እየዞርኩ፣ እየተመለስኩ፣ አንዱ ግድግዳ ስር ቁጭ ብዬ ሳየው ፀሐይ ዞረች። ከቡድን ጋር ብሆን ሩብ ሰዓት እንኳ አይሰጡኝም ነበር። ቀጥሎ ገበያ፣ ቀጥሎ ምሳ።

የሊኮኒ ጀልባም አለ። ሞምባሳ ደሴት ስለሆነች ወደ ደቡብ የሚሻገር ብዙ ሰው እሱ ላይ ነው የሚሳፈረው፤ ለእግረኛ ነፃ ነው። ብስክሌት የሚገፋ፣ አናናስ የተሸከመ፣ የትምህርት ቤት ልጅ፣ መኪና፣ ሁሉም አንድ ላይ። ተሻገርኩ። ማዶ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። ወዲያው ተመለስኩ። ነፋሱ ጥሞኝ እንደገና ተሻገርኩ። ጎንደር ውስጥ አንድ መንገድ ሁለቴ ብመላለስ «ምን ጠፍቶሽ ነው?» እባላለሁ።

ሁሉ ጊዜ ማር ነበር አልልም። ማታ ማታ ይከብዳል። ሴት ነኝና ከመሸ ባህር ዳር አልሄድም ነበር፣ ያለሁበትን ለወንድሜ በስልክ እልክለታለሁ፣ ለእንግዳ መቀበያዋ ልጅም ስወጣ ስገባ እነግራታለሁ። ሙቀቱ ያጣብቃል። የደጋ ልጅ ስለሆንኩ በላብ ተነክሬ አልጋዬ ላይ ጣሪያ እያየሁ የማወራው ሰው ያማረኝ ምሽት አለ። ያኔ ለእናቴ እደውላለሁ። «በላሽ?» ትለኛለች። «በላሁ» እላታለሁ። «ከማን ጋር?»

ከተመለስኩ ወዲህ ብቻቸውን ለሚመጡት የማደርገው ተቀይሯል። ታሪኩን አሳጥሬ እነግራቸዋለሁ፣ ከዚያ «እዚያ ዛፍ ስር ነኝ፣ ስትፈልጉኝ ጥሩኝ» ብዬ እለቃቸዋለሁ። ጉርሻቸው አልቀነሰም፤ ይሄን ለባልደረቦቼ ብነግራቸው አያምኑኝም።

እናቴ ደግሞ ባህሩን በጎረቤት ፊት ደጋግማ አስወራችኝ። ሰሞኑን «በይ የሚቀጥለውን አብረን ነው የምንሄደው» ማለት ጀምራለች። እሺ ብያታለሁ። ፓስፖርቷ እስኪወጣ ግን አንድ ጉዞ ሹልክ ማለቴ አይቀርም።