የሁዳዴ ሒሳብ

እኔ ሱስ እንደሌለብኝ ማስረጃ ነበረኝ። ሁዳዴ። 55 ቀን ጠብታ አልቀምስም። ሰካራም 55 ቀን ይችላል? አይችልም። ስለዚህ ሰካራም አይደለሁም። አለቀ! ይህን ሒሳብ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ሳስረዳ ዓመታት ኖርኩ። የፋሲካ ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሼ፣ ዶሮው ሳይቀርብ ጠርሙሱ ስንት ላይ እንደሚደርስ ግን ለማንም አላስረዳም።

አንድ ጠዋት ስልኬን ሳየው ሌሊት ከእናቴ ጋር 47 ደቂቃ አውርቻለሁ ይላል። አንድ ቃል አላስታውስም። እህቴ ደግሞ ከደሴ ጽፋልኛለች፦ "ምን ሆነህ ነው? እማዬን ስታስለቅሳት አረፈድክ እኮ።" የእኛ ሌሊት የእነሱ ጠዋት ነውና እናቴ ቡናዋን አቅርባ ነው የሰማችኝ። ምን እንዳልኳት እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም።

መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ተሰብስበው የሚረዳዱበትን፣ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለውን ማኅበር በስም አውቀው ነበር፤ ኤኤ ነው የሚሉት። ስብሰባ ማግኘት እንደዚህ ቀላል መሆኑን ግን አላውቅም። ሚቲንግ ጋይድ የሚባል ነፃ አፕ አለ፤ ያለህበትን ስትሰጠው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አድራሻውን ይዘረዝርልሃል። እኛ ሰፈር ብቻ መዓት ነው። እኔ ግን አንድ በአንድ ዘለልኳቸው። ያኛው ለሐበሻ ሱቅ ይቀርባል፣ ይሄኛው የሠርግ አዳራሹ ጀርባ ነው። የሰው መኪና በታርጋ የምንለይ ሕዝብ ነን፤ ቆሞ ከታየ ማታውኑ ወሬው አትላንታ ይደርሳል። ስለዚህ በ270 አውራ ጎዳና ሽቅብ ፍሬድሪክ ወደምትባል ከተማ ነዳሁ። ሐበሻ እዚያ ምን ይሠራል?

ስብሰባው "ክፍት" የሚባለው ዓይነት ነበር፤ ማንም ሰው ይገባል። "ዝግ" የሚባለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ ብቻ ነው። ክፍቱን የመረጥኩት የሚያውቀኝ ካጋጠመኝ "ለጓደኛዬ ላጣራ ነው" ልል ነው። የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ የሚታጠፍ የብረት ወንበር፣ ቡና (ቡና ከተባለ)። ጠጥተው ሲነዱ ተይዘው ፍርድ ቤት የላካቸው ልጆች የሚያስፈርሙትን ወረቀት ይዘው ኋላ ተደርድረዋል። እኔም እዚያው። ተራዬ ሲደርስ "ልለፍ" አልኩ፣ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ቅርጫት ዞረ፤ ሰው 1 ዶላር፣ 2 ዶላር ይጥላል። ኪሴን ስዳብስ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ እጄን ያዝ አድርጋ "አዲስ ሰው አይከፍልም" አለችኝ።

ወጥቼ መኪናዬን ስከፍት ከኋላዬ "ወንድሜ፣ ከየት ነህ?" የሚል ድምፅ መጣ። በአማርኛ!

ጉልበቴ ከዳኝ። ስልሳ የሚጠጋ፣ ኮፍያ ያደረገ ሰው። የት ይኖራል? አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። ምነው ይህን ያህል መንገድ ስለው ሳቀና "አንተ በመጣህበት ምክንያት" አለኝ። 11 ዓመቱ ነው ካቆመ።

ጋሼ (እንደዚያ ነው የምለው) መጀመሪያ የጠየቀኝ ሃይማኖቴን አይደለም፣ አገሬንም አይደለም። "ስታቆም እጅህ ይንቀጠቀጣል? ሐኪም አይቶሃል?" ብዙ ዘመን አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ሊንዘፈዘፍ፣ ለሕይወቱም ሊያሰጋው ይችላል። እኔ በየሁዳዴው በደህና የወጣሁት ጎበዝ ሆኜ ሳይሆን እድል ሆኖ ነው። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ስለ ኤኤም ያጫወተኝ እሱ ነው። በ1935 ኦሃዮ ውስጥ አንድ የአክሲዮን ደላላና አንድ ቀዶ ሐኪም ናቸው የጀመሩት፤ ሁለቱም ጠጪ። "ሌላ ምስጢር የለውም፣ አንዱ ሰካራም ሌላውን ቁጭ ብሎ ያዳምጠዋል" ይላል።

በሦስተኛው ሳምንት በእንግሊዝኛ "አልኮሊክ ነኝ" አልኩ። የሌላ ሰው የመድኃኒት ማዘዣ የማነብ ይመስል ቀለለኝ። ጋሼ ግን መኪናው ውስጥ "እስቲ አሁን በአማርኛ በለው" አለኝ። ሞከርኩ። ልጅ ሆነን በድንጋይ እያባረርን የሰደብነው የሰፈራችን ሰውዬ ፊቴ ላይ መጣ። "ጠጪ ነኝ" አልኩ። "ጠጪማ ማን ያልሆነ አለ? ድገመው።" አልደገምኩትም። ያን ቀን ሳንነጋገር ነው የተለያየነው።

ለአዲስ ሰው በ90 ቀን 90 ስብሰባ የሚል ምክር አለ። ሥራዬ ሌሊት ስለሆነ እኔ በየቀኑ አልቻልኩም፤ በሳምንት አራት፣ አምስት እሄዳለሁ። 30 ቀን ሲሞላኝ ሳንቲም የምታህል ምልክት ሰጡኝ። ቁልፌ ላይ አንጠልጥያታለሁ፣ ምንድን ናት ለሚለኝ ጂም ነው እላለሁ።

55ኛው ቀን ላይ ግን ተረበሽኩ። ሰውነቴ ቀኑን ያውቀዋል መሰለኝ ከጠዋት ጀምሮ ፋሲካ ፋሲካ አለኝ። ለጋሼ ደወልኩ።

"ዛሬ ጾሜ አለቀ" አልኩት።

ዝም አለና "በምን ልትገድፍ ነው?" አለኝ።

"እንጃ። ሰካራም ነኝ ጋሼ።"

"መጣሁ። የቀኑ ስብሰባ እዚያው እናንተ ሰፈር አለ፣ እዚያ ጠብቀኝ" ብሎ ዘጋው።

ከቤቴ 10 ደቂቃ አይሞላም፤ ያ ከሠርግ አዳራሹ ጀርባ ያለው ነው። ስደርስ በሩ ፊት የቆመች አንዲት ግራጫ ካምሪ አየሁ። ታርጋዋን አውቀዋለሁ፣ ባለቤቷንም አውቀዋለሁ፣ ባለፈው ጥምቀት አብረን ነበርን።

አጠገቧ አቆምኩ።