ንፍሮ ቶሎ የሚያበስለው ውሃ

ለሁለተኛ ዲግሪዬ ጥናት የመረጥኩት ርዕስ በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለ ፍሎራይድ ነበር። ቦታው ከመቂ እስከ ባቱ፣ የድሮው ዝዋይ ማለት ነው። እቅዴ ቀላል ነበር። ከየቀበሌው አንድ ናሙና ወስጄ ካርታ ላይ አንድ አንድ ነጥብ አስቀምጣለሁ። በቃ። ለምን እንደማያዋጣ የገባኝ ግን ሥራውን ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ለአካባቢው እንግዳ ለሆነ ሰው ነገሩን ላስረዳ። ፍሎራይድ በመጠኑ ሲሆን ለጥርስ ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ግን ከ10 የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። አንድ ልጅ ቋሚ ጥርሶቹ ገና ከድድ ሥር እየተሠሩ ሳለ እንዲህ ያለ ውሃ ከጠጣ፣ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይበቅላል። በቡርሽም አይለቅም። ለብዙ ዓመት ሲጠጣ ደግሞ አጥንት ውስጥ ይገባል። ጀርባቸውን ማቅናት፣ አንገታቸውን ማዞር ያቃታቸው ሰዎች አሉ። ውሃውን ብታዩት ኩልል ያለ ነው። አይሸትም። ፍሎራይዱም በምላስ አይታወቅም።

የመጀመሪያው ሳምንት መረጃዬ ግማሹ ተጥሏል። ምክንያቱ ሙቀት ነው። መለኪያዬ ወፈር ያለ እስክሪብቶ የሚያክል ኤሌክትሮድ ነው። ጫፉ ላይ ላንታነም ፍሎራይድ የሚባል ክሪስታል አለው። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ገና ቅዝቃዜው ሳይለቅ፣ ያደርኩበት ክፍል ውስጥ ፍሎራይዳቸው በሊትር 1 እና 10 ሚሊግራም መሆኑ በሚታወቅ ውሃዎች ካሊብሬት አደርገዋለሁ፤ ማለትም ንባቡን አስተካክላለሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 59 ሚሊቮልት ከሆነ መሣሪያው ደህና ነው። ከዚያ ቀኑን ሙሉ እለካለሁ። ነገር ግን እኩለ ቀን ላይ ከፓምፑ የሚወጣው ውሃ ለብ ያለ ነው። በጠዋት ቅዝቃዜ የተስተካከለ መሣሪያ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የሚሰጠው ቁጥር አይታመንም። አንዱን ጉድጓድ ጠዋትና ቀን ለክቼ ቁጥሩ ሲለያይብኝ ነው የነቃሁት።

መላው ባልዲ ሆነ። ባልዲውን ከዚያው ፓምፕ እሞላለሁ፤ የማነጻጸሪያ ጠርሙሶቹንና ናሙናውን አንድ ላይ እዘፈዝፋለሁ፤ ሙቀታቸው እኩል እስኪሆን እጠብቃለሁ። ሌሎቹ ጥንቃቄዎች ከመጽሐፍ የሚገኙ ናቸው፦ የብርጭቆ ሳይሆን የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ በራሱ በናሙናው ውሃ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ፣ ቱቦው ውስጥ የቆመው ውሃ እስኪወጣ ፓምፑን መምታት።

ባልዲው ግን ሌላም ነገር አመጣልኝ። መጠበቅ ስላለብኝ ከውሃ ቀጂዎቹ ጋር መጨዋወት ጀመርኩ። አንድ ቀን አንዲት እናት፣ ሁሉም አዴ የሚሏቸው፣ ጀሪካናቸውን ተሸክመው በአጠገቤ አለፉ። ወደ ታችኛው ፓምፕ ነው የሚሄዱት። እኔ የቆምኩበት ለቤታቸው ይቀርባል።

«አዴ፣ ይሄ አይቀርብዎትም?» አልኳቸው።

«የዚህ ውሃ ድርቅ ነው፣ ልጄ። ሳሙና ይፈጃል። ባቄላ ብትጥድበት ቀኑን ሙሉ ቢፈላም አይበስልም። የታችኛው ንፍሮውን በአንዴ ነው የሚያፈርሰው» አሉኝ።

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሴትዮዋ የነገሩኝ ኬሚስትሪ ነው! ሳሙና የሚፈጅ፣ ባቄላ የሚያደርቅ ውሃ ካልሲየም የበዛበት ነው። ካልሲየም ደግሞ ፍሎራይድን ይይዘዋል፤ ሁለቱ ተጣምረው ፍሎራይት የሚባል ማዕድን ሆነው ይቀራሉ። ውሃ ከደጋው ተነስቶ በእሳተ ገሞራ ድንጋይና አመድ ውስጥ እየሰረገ ወደ ሸለቆው ሲወርድ፣ በመንገዱ ካልሲየሙን ለሸክላ አፈር ሰጥቶ በምትኩ ሶዲየም ይቀበላል። ያኔ ፍሎራይዱን የሚይዘው ይጠፋል። የሚቀረው ውሃ ለስላሳ ነው። አረፋው ጥሩ ነው። ባቄላም ያበስላል። ፍሎራይዱም እየጨመረ ይሄዳል።

በማግስቱ ሁለቱንም ፓምፖች በባልዲዬ ለካኋቸው። በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ አይራራቁም። የላይኛው ከ1.5 በታች ሆነ። የታችኛው፣ አዴ የሚወዱት፣ የ1.5ን ሦስት እጥፍ አለፈ። የአንድ ቀበሌ አንድ ነጥብ እዚያው አበቃለት። ከዚያ በኋላ በየሄድኩበት ኤሌክትሮዱን ከማውጣቴ በፊት የምጠይቀው «ንፍሮ በየትኛው ውሃ ነው ቶሎ የሚበስለው?» ሆነ። መልሱ የት መጀመር እንዳለብኝ ይነግረኛል። መለኪያን ግን አይተካም። የዝናብ ውሃም ሳሙናን አረፋ በአረፋ ያደርገዋል፤ ፍሎራይዱ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ውጤቱን ለሰዎቹ መንገር በእቅዴ አልነበረም። መረጃ ሰብስቦ፣ ጽፎ፣ መመረቅ ነበር። አዴ ግን መጥተው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ባፈላውስ?»

ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድን አይነካውም። ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ድስቱ ውስጥ ስለሚቀር እንዲያውም ይብሳል። ይህን ስላቸው ዝም አሉ። ከከሰለ የከብት አጥንት ስለሚሠራው ማጣሪያም አነሳሁላቸው። ይሠራል፤ ነገር ግን አጥንቱ ፍሎራይድ ሲጠግብ መቀየር አለበት። «ማን ይቀይርልኛል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቀጥለው «ለመጠጥ ከላይኛው፣ ለወጥና ለንፍሮ ከታችኛው ባደርግስ?» አሉ። ባቄላው ውሃውን ከነፍሎራይዱ ይጠጣዋል። መልሴ አይሆንም ነበር። ያን ጊዜ ቁጥሬ ምን እንደሚያስከፍላቸው አየሁ። በላይኛው ውሃ ንፍሮ ማብሰል ተጨማሪ እንጨት ነው። እንጨቱን ከሩቅ ተሸክመው የሚያመጡት ደግሞ እሳቸው ናቸው። በቤተ ሙከራ ሪፖርት ላይ እንዲህ ያለ ወጪ የሚጻፍበት ሰንጠረዥ አይቼ አላውቅም። እኔ ግን በጥናቴ ውስጥ አንድ ገጽ ሰጥቼዋለሁ፤ አማካሪዬ አውጣው ቢሉኝም ተሟግቼ አስቀርቼዋለሁ።

ከወራት በኋላ የክረምቱን ናሙና ልወስድ ተመለስኩ። አዴ ቡና ጠሩኝ። በሩ ጥግ ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች ተቀምጠዋል። የአንዱ እጀታ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ክር ያለው ለልጆቹና ለምግብ ነው አሉኝ፤ ያለ ክሩ ለልብስ። ምድጃው አጠገብ ሳህን የተከደነበት ድስት ነበር። ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ከማታ ጀምሮ የተዘፈዘፈ ባቄላ፣ አብጦ፣ ልጡ ተሸብሽቦ።

«ካደረ በዚያኛውም ይበስላል» አሉኝ። «እንጨቱ ትንሽ ነው የጨመረው።»