«ቴክ»ን በ«ወሰደ» ብቻ ለምትፈቱ

መዝገበ ቃላት ስትገልጡ «ቴክ» (take) ከሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ አጠገብ ቀድማ የምትጠብቃችሁ «ወሰደ» ናት። ለመጽሐፍና ለእስክሪብቶ ትበቃለች፤ ከዚያ ወዲያ ግን ታሳስታለች።

መድኃኒት ላይ እንይ። እኛ ሽሮፕ እንጠጣለን፣ ኪኒን እንውጣለን፤ እንግሊዝኛው ለሁለቱም ቴክ ይላል። ኪኒንን በ«ድሪንክ» ብትሉ ሐኪሙ ይረዳችኋል፣ ጆሮው ግን ይቆረቁረዋል። ብልቃጡ ላይ «ቴክ ዋን ታብሌት ትዋይስ ደይሊ» ከተጻፈ በቀን ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ፍሬ ነው እንጂ ሁለቱን በአንዴ አይደለም። የዓይን ጠብታ ሲሆን «ዩዝ» በሉ።

ጊዜ ላይ የኛው «ፈጀብኝ» ጥሩ መንገድ ያሳያል። «ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ» ማለት «ኢት ቱክ ሚ ቱ አወርስ» ነው («ቱክ» የቴክ ያለፈ ጊዜ ናት)፤ «ብኝ» የ«ሚ»ን ቦታ ትይዛለች። «አይ ቱክ ቱ አወርስ» ካላችሁ ሥራው ጊዜ ፈልጎ ሳይሆን እናንተ የተንቀረፈፋችሁ ያስመስላል።

ፎቶም እንዲሁ ነው። «አይ ቱክ ኤ ፎቶ» ያለ ሰው አንሺው ነው። ለፓስፖርት የተነሳ ሰው «አይ ሃድ ማይ ፎቶ ቴክን» ይላል።

በኔ ግምት ክፉው ስህተት «ቴክ ፕሌስ» ላይ ያለው ነው። «ስብሰባው ተካሄደ» ስንል ግሡ በ«ተ» ስለሚጀምር ተደራጊ አድርገን «ዘ ሚቲንግ ወዝ ቴክን ፕሌስ» እንጽፋለን። ሪፖርት ውስጥ ሞልቷል። «ወዝ» አያስፈልግም፤ «ዘ ሚቲንግ ቱክ ፕሌስ» ብቻ።

(በነገራችን ላይ ቴክ ለእንግሊዝኛ መጤ ነው። ከስካንዲኔቪያ ሰዎች «ታካ» መጥቶ «ኒማን» የሚባለውን ነባር ግሥ ከቦታው አስለቀቀው። የኒማን ርዝራዥ ዛሬ «ናም» ውስጥ አለ፤ የደነዘዘ፣ ስሜቱ የተወሰደበት እንደማለት።)

ጫማ ስታስወልቁ «ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ»ም «ቴክ ዩር ሹዝ ኦፍ»ም ያስኬዳል። ተውላጠ ስም ሲመጣ ግን መሃል መግባት ግድ ነው፦ «ቴክ ዘም ኦፍ»። «ቴክ ኦፍ ዘም» አይባልም። አውሮፕላን ሲነሳ ተሳቢ ስለሌለ ይህ ጣጣ የለም፤ «ዘ ፕሌን ቱክ ኦፍ» ብሎ ያልቃል።

ጥያቄ ላይ «ዲድ ዩ ቱክ» የሚሉ አሉ። ያለፈውን ጊዜ «ዲድ» አስቀድሞ ስለተሸከመው ግሡ ወደ ቴክ ይመለሳል፦ «ዲድ ዩ ቴክ ዘ ኪ?»። ከ«ሃቭ» ጋር ደግሞ ቱክ ሳይሆን ቴክን ነው።