ዝቃጩን አሳዩኝ

ሞጆ ላይ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ላብራቶሪ ነበርኩ። ከትሪትመንቱ፣ ማለትም ከፍሳሽ ማጣሪያው፣ የሚወጣውን ውሃ እየቀዳሁ እመረምራለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ፣ እፈርማለሁ። እናቴ ሥራዬ ምን እንደሆነ በደንብ አይገባትም ነበር። ቤት ስገባ ግን ከሰላምታ በፊት "መጀመሪያ ልብስሽን ቀይሪ" ትለኛለች። ሽታው ፀጉር ውስጥ ከገባ በሳሙና አይወጣም።

ያ የተበላሸ እንቁላል የሚመስለው ሽታ የሰልፋይድ ነው። የቆዳው ፀጉር የሚረግፈው በኖራና በሰልፋይድ ነው። ከዚያ ቆዳው ትልልቅ ድራም ውስጥ ገብቶ ከሚያለፋው ብረት፣ ከክሮም፣ ጋር ሲሽከረከር ይቆያል፤ ሲወጣ ሰማያዊ ሆኗል። የተሰጠውን ክሮም ሁሉ ግን አይጠጣም። በተለመደው አሠራር ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው ውሃው ውስጥ ይቀራል። ውሃውም ቀላል አይደለም፤ ለአንድ ቶን ጥሬ ቆዳ ከ30 እስከ 40 ሺህ ሊትር ይፈሳል።

የሚፈሰው ወደ ሞጆ ወንዝ ነው። ሞጆ ቆቃ ሐይቅ ይገባል። ከቆቃ በታች ያለውን አዋሽ አዳማ አጣርታ ትጠጣዋለች፣ ወንጂ ሸንኮራዋን ታጠጣበታለች።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከወጣ ከ1995 ጀምሮ ነው። በ2001 ደግሞ ለፋብሪካዎች ለብቻው ደንብ ቁጥር 159 ወጣ። ከቆዳ ፋብሪካ ለሚወጣ ውሃም ልክ ተቀምጦለታል፤ ጠቅላላ ክሮም በሊትር ከ2 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። ቁጥሩን እንቅልፌ ውስጥ ብትጠይቁኝም አልስተውም። ቁጥሩ ጥሩ ነው። ጉዱ ያለው ውሃው ሲቀዳ ነው።

ተቆጣጣሪዎች የሚመጡበትን ቀን ቀድመን እናውቃለን። ማን እንደሚነግረን ጠይቄ አላውቅም። የዚያን ቀን ጠዋት ግቢው ይጠረጋል፣ ሳምንቱን ተኝቶ የከረመው ኤሬተር (ገንዳው ውስጥ አየር የሚያስገባው ማሽን) ይነሳል፣ ገንዳው አረፋ ይደፍቃል። አንዱ ሠራተኛ ደግሞ ከጉድጓድ የሚመጣውን ንጹህ ውሃ በጎማ ይዞ መውጫው ቦይ ላይ ይለቀዋል። ልብ በሉ፣ ልኩ "በሊትር" ነው። ንጹህ ውሃ በጨመርክ ቁጥር በሊትር ያለው ክሮም ይቀንሳል። ወንዙ ውስጥ የሚገባው ክሮም ግን አንድ ግራም አልቀነሰም። እንደውም ጉድጓዱን በነፃ አራቆትነው። እንግዶቹ አንድ ጠርሙስ ይቀዳሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ። እኔም ጎኑ ቆሜ የራሴን ጠርሙስ እቀዳለሁ። ከ2 በታች። ፈርሜያለሁ።

ማታ ተረኛ ስሆን ለራሴ ናሙና እወስድ ነበር። የዚያን ውጤት ቅጹ ላይ አልጽፈውም፤ በራሴ ደብተር ነው የምይዘው። ለምን እንደምይዘው ያኔ አላውቀውም ነበር።

ባለቤቶቹን ሰይጣን አድርጌ መሳል አልፈልግም። ትሪትመንት መብራት ይበላል፤ ከፍጆታው ግማሹን እንኳ ኤሬተሩ ብቻውን ይወስዳል። መብራት ይጠፋል። ኬሚካሉ የሚገዛው በዶላር ነው። ክሮሙን ከውሃው ለይቶ መልሶ መጠቀምም ይቻላል፦ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ጨምረህ ፒኤቹን ከፍ ስታደርገው፣ ማለትም አሲድነቱን ስትቀንሰው፣ ክሮሙ ከታች ይዘቅጣል፣ በአሲድ አሟሟተህ እንደገና ድራም ውስጥ ትከተዋለህ። ገንዘብ ያተርፋል። ግን ገንዳ፣ ፓምፕና የሚከታተል ሰው ይፈልጋል። ሌሊት ቫልቭ ከፍቶ ያልተጣራውን ወደ ወንዙ መልቀቅ ምንም አይፈልግም።

እኔ ተቆጣጣሪ ብሆን (አይሾሙኝም እንጂ) መጀመሪያ ጠርሙስ አላወጣም። "ዝቃጩን አሳዩኝ" ነው የምለው። ክሮም አይበንም፣ አይቃጠልም፣ ባክቴሪያም አይበላውም። ቆዳው ያልጠጣው ወይ ከውሃው ተለይቶ በሚቀረው ዝቃጭ ውስጥ አለ ወይ ወንዙ ውስጥ። በየቀኑ ይህን ያህል ቆዳ አለፋለሁ የሚል ፋብሪካ የዝቃጭ ክምር ከሌለው፣ ጭኖ የወሰደ መኪናም ከሌለው፣ ላብራቶሪ አያስፈልግም፤ መልሱን አግኝተነዋል። ቀጥዬ የትሪትመንቱን ቆጣሪ አነባለሁ። ቆጣሪ እንግዳ መጣ ብሎ አይሽቆጠቆጥም። ስንት ክሮም እንደተገዛ ከግዢ ክፍል መጠየቅም ይቻላል፤ የገባና የወጣ ማወራረድ ነው፣ ማንኛውም የሱቅ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ይሠራዋል። ከዚያ በኋላ፣ ካስፈለገ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳልናገር እመጣለሁ።

የሚለቀቀው ሌሊት መሆኑን ከእኛ ውጪ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ሥራውን ልለቅ ስል አንድ ቀን ወንዙን ይዤ ወደ ታች ወረድኩ። አንድ አባት ከሽንኩርት ማሳቸው ዳር ከብቶቻቸውን ይዘው ቆመዋል። ረፋድ ነው፣ ከብቶቹ ውሃው ላይ ዓይናቸውን ተክለዋል፣ እሳቸው ግን አይለቋቸውም።

"አባባ፣ ለምን አያጠጧቸውም?" አልኳቸው።

"ገና ነው። የሌሊቱ ይለፍ።"

ክሮም የሚል ቃል ሰምተው አያውቁም። ላብራቶሪ አልነበራቸውም። አንዲት ጊደር ሞታባቸው ነው ሰዓቱን ያጠኑት። በጠዋት የሚወርደው ውሃ ቀለሙ ይለያል አሉኝ፣ ዳሩ ላይም ነጭ ነገር ይደርቃል። ክረምት ላይ ወንዙ ስለሚሞላ ጠዋትም ያጠጣሉ።

በአዋጁ መሠረት አቤት ማለት እንደሚችሉ ነገርኳቸው። አንቀጽ 11 ጥሩ አንቀጽ ነው። ማንም ሰው ጉዳቱ በቀጥታ እሱን ባይነካው እንኳ ማመልከት ይችላል። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በደንብ አዳመጡኝ።

"አንቺ የፋብሪካው ልጅ አይደለሽም?" አሉኝ በመጨረሻ። ከሽታዬ ሳያውቁኝ አይቀሩም።

"ነኝ።"

"እንግዲህ ዳኛው ማስረጃ ሲለኝ ምን ልስጠው? የደረቀውን ነጭ ነገር?"

ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ነበር። ደብተሩም ውስጡ ነበር። "እንጃ አባባ" አልኳቸው።