ቶርኖዬ ስትጮህ ሰፈር ይሰማ ነበር

መጀመሪያ ያማረረችው እናቴ ናት። «ምን እያረድክ ነው?» አለችኝ ከጓዳ ሆና። ብረት እየላጥኩ ነው ብላት አላመነችኝም። አልፈርድባትም። ድምፁ ሲጀምር ጥርስ የሚያፋጭ ሰው ይመስላል፣ ከዚያ እየበረታ ይሄድና ጠረጴዛው፣ ላዩ ላይ ያለው ቁልፍ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ሳይቀር አብሮ ይንቀጠቀጣል። የላጥኩት ብረት ደግሞ ለስላሳ መሆን ሲገባው የዓሣ ቅርፊት መስሎ ይወጣል።

ማሽኗ ሁለት ሰው የሚሸከማት ትንሽ የቻይና ቶርኖ ናት፣ ብረት እያዞረች በምላጭ የምትልጥ፣ ያገለገለች ነው የገዛሁት። ከዚራ ባለው ግቢያችን ጥግ ከቆርቆሮ ጥላ ስር ተክያታለሁ። ድሬን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ እዚያ ስር መቆም የለም። ስለዚህ የምሰራው ወይ በማለዳ ወይ ማታ ነው። ማታ ደግሞ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል።

ስራው እንኳ ቀላል ነበር። የተንሸራታች በራችን የጎማ ዘንግ ተበልቶ አልቋል፣ 18 ሚሊ ውፍረት ያለው አዲስ ማውጣት ነው። ከቤት ስራ የተረፈ ባለ 20 ሚሊ ፌሮ ነበረኝና እሱን አሰርኩ። አዎ፣ ፌሮ። አትሳቁ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥፋቱን የጣልኩት ምላጩ ላይ ነው። የካርባይድ ምላጭ ቀየርኩ፣ ደግሜ ቀየርኩ። ፍጥነት ጨመርኩ፣ ቀነስኩ። ትልቁ ጅልነቴ ግን ሁሉንም በአንዴ መነካካቴ ነው። አንድ ማታ ጸጥ ብላ ላጠችልኝና ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ላይ ያው ጩኸት። ማታ ምን እንዳስተካከልኩ አላውቅማ!

ድሬ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች ቶርኖ የነካ ሽማግሌ ፈልጎ የሚያጣ የለም። ጎረቤታችንም የባቡር ወርክሾፕ ጡረተኛ ናቸው። አንድ ማለዳ ጩኸቱ ሲሰለቻቸው ነጠላቸውን እንደለበሱ መጡ። ምንም ሳይነኩ ዱካ ላይ ቁጭ አሉ።

«ፍጥነቱን ቀንሰው» አሉኝ። ቀነስኩ። «ድምፁ ወፈረ?»

«ኧረ ያው ነው ጋሼ።»

«አየህ፣ የማርሽ ወይም የሞተር ችግር ቢሆን ፍጥነቱን ስትቀንስ ድምፁም አብሮ ይወፍር ነበር። ይሄ ግን እንደ ክራር ክር ነው፣ በራሱ ድምፅ ነው የሚርገበገበው። የላላውን ወይም የቀጠነውን ፈልግ።»

ነገሩ ቆይቶ ነው የገባኝ። ምላጩ ትንሽ ሲርገበገብ ብረቱ ላይ ሞገድ ይተዋል። ብረቱ ዞሮ ሲመለስ ምላጩ ያንኑ ሞገድ ያገኘዋል፣ እሱ ደግሞ መልሶ ያንቀጠቅጠዋል። ራሱን በራሱ እያባባሰ ይሄዳል ማለት ነው።

ፌሮውን ሲያዩ ሳቁ። የፌሮ ጎድን በቻክ (ብረቱን ይዞ በሚያዞረው) መንጋጋ ልክ አይያዝም፣ ምላጩንም በየዙሩ ይመታዋል። ክብ ለስላሳ ብረት ገዛሁ። ጩኸቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ቀጥሎ ርዝመቱ። ብረቱ ከቻኩ 12 ሴንቲ ወጥቶ ጫፉ አየር ላይ ነበር። በውፍረቱ 6 እጥፍ ማለት ነው። ከ3 ወይም 4 እጥፍ ካለፈ ጫፉን መደገፍ ግድ ነው። ጫፉን በሴንተር ድሪል በስቼ ከቻኩ ትይዩ ባለው ደጋፊ፣ በቴልስቶኩ፣ ደገፍኩት። ምላጩም ከማሰሪያው 40 ሚሊ ወጥቶ ነበር። እዚህ ላይ ሒሳቡ ይገርማል፣ የወጣውን በግማሽ ብታሳጥረው ጥንካሬው 8 እጥፍ ይሆናል። እኔ 15 ሚሊ ብቻ አስቀረሁ። በነጻ የተገኘ ጥንካሬ ነው፣ እኔ ግን ገንዘቤን ካርባይድ ላይ ስረጭ ከረምኩ።

ከዚያ ጋሼ ትንሽ እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳየውን ዳያል ጌጃቸውን አመጡ። ማግኔቱን የማሽኗ አልጋ ላይ፣ ጫፉን የምላጩ ማሰሪያ ላይ አስደግፈው «በእጅህ ግፋው» አሉኝ። ማሽኗ ጠፍታለች፣ ምንም አልዞረም። መርፌዋ 8 መቶኛ ሚሊ ሄደች፣ ስለቀው ተመለሰች። በጣቴ ግፊት እንዲህ ከሆነች ብረት ሲገፋትማ! ምላጩን ተሸክሞ የሚሄደው ተንሸራታች ጎን ላይ አንዲት ቀጭን የብረት ጣውላ አለች፣ በትንንሽ ብሎኖች የምትጠብቅ። ብሎኖቹ ሁሉ ላልተዋል። አንድ በአንድ እጀታው መዞር እስኪያቅተው አጥብቄ፣ ትንሽ መልሼ፣ ብሎኑ አብሮ እንዳይዞር በቁልፍ ይዤ ዳዶውን አሰርኩ። መርፌዋ 2 መቶኛ ላይ ቀረች።

የስፒንድሉን (ቻኩን የሚያዞረውን ዘንግ) ኩሽኔታም ከኋላ ባለው ዳዶ ትንሽ አጠበቅሁት። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፣ ከበዛ ኩሽኔታው ይግላል። አስር ደቂቃ አስኪዶ በእጅ መንካት ነው የሚባለው፣ ግን በድሬ ቀትር ሁሉም ነገር የሚያቃጥል ስለሆነ እኔ ይሄን በማለዳ ብቻ ነው የምሞክረው። ጠረጴዛውን ደግሞ ከግድግዳው ጋር በብሎን አሰርኩት። ለውጡ እንደጠበቅኩት አይደለም፣ ጣሪያው ግን ዝም አለ።

ያላመንኩት የመጨረሻው ነገር ነው። በፍርሃት 5 መቶኛ ብቻ እየላጥኩ፣ ምላጩን በጣም ቀስ ብዬ ነበር የምገፋው። እንዲህ ሲሆን ምላጩ አይቆርጥም፣ ብረቱን ያሻል። ዙሩን ከ900 ወደ 450 አወረድኩ፣ ካርባይዱን ትቼ ስል የሃይ ስፒድ ብረት ምላጭ አሰርኩ፣ ግፊቱን ጨመርኩ። ልቤ እየመታ ነው። ጩኸት የለም። እንደ ጸጉር የተጠቀለለ ፍቅፋቂ ብቻ እየወረደ ነው። ጋሼ ምንም አላሉም፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቁርሳቸው ሄዱ።

አንድ ነገር ብቻ እስካሁን አልተሳካልኝም፣ የተላጠውን በመቁረጫ ምላጭ ከቻኩ ቆርጦ ማውጣት። ምላጩን ከሚገፋው በቀር ተንሸራታቾቹን ሁሉ ቆልፌ፣ ምላጩን አሳጥሬ፣ ዙሩን ቀንሼ እሞክራለሁ፣ ግማሽ ድረስ በሰላም ይሄድና ያቺ ጩኸት ትመጣለች። የበሩን ዘንግ የቆረጥኩት በእጅ የብረት መጋዝ ነው። ያውም ጋሼ ሱቅ እስኪሄዱ ጠብቄ።